ከባቲ ሳያልፉ አሰብን ማወቅ፦ ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ የሾፌሮች ሻይ ቤት

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚያወጣው መንገድ፣ ከባድ መኪኖች ከነተሳቢያቸው ዳር ይዘው በሚያድሩበት አካባቢ፣ በበሩ ላይ አንድም ጽሑፍ የሌለው ሻይ ቤት አለ። ሾፌሮቹ «እትዬ ቤት» ይሉታል። ላለፉት አራት ዓመታት በሳምንት ቢያንስ ሁለት ማታ ቡና የምጠጣበት ቤት ስለሆነ፣ የምሰጠው አስተያየት የአንድ ቀን እንግዳ አስተያየት አይደለም።

ስለ ምግቡ ብዙ የምለው የለኝም። ሽሮው ጥሩ ነው፤ ጥብሱ አንዳንድ ቀን ይጠነክራል። ቡናው ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት ይቀርባል፤ ሲኒው 20 ብር ሲሆን በረካውን እትዬ አያስከፍሉም። መቀመጫዎቹ ዝቅተኛ ዱካዎች በመሆናቸው ጉልበቱን የሚያመው ሰው በግድግዳው ጥግ ያለውን አግዳሚ ቀድሞ ቢይዝ ይሻለዋል።

ሰው ወደዚህ ቤት የሚመጣው ግን ለጨዋታው ነው። እኔ በቢሮ ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ፤ በምሥራቅ በኩል የረገጥኩት ሩቅ አገር ባቲ ነው፣ እሱንም ለሰኞ ገበያ። ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ሰመራን፣ ሰርዶንና ጋላፊን ያወቅኋቸው በዚህ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ ማታ ከጂቡቲ የተመለሰ ሾፌር የረከቦቱን ጠርዝ መንገድ፣ ሁለት ሲኒ ደግሞ መኪናና ተሳቢ አድርጎ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወረድ ፍሬን ላይ ብቻ የሚተማመን ሰው ምን እንደሚገጥመው አሳይቶናል። የኋላው ሲኒ የፊተኛውን ገፍቶ ከረከቦቱ ሲጥለው፣ መሪ ጨብጬ የማላውቀው እኔ እግሬን መሬቱ ላይ ተጭኜ ራሴን አገኘሁት።

ከሁሉም አብልጬ የምጠብቀው ግን ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ሾፌርን ነው። አባባ የሠሩት በኤሊዳር፣ በማንዳና በቡሬ አድርጎ አሰብ በሚገባው መስመር ሲሆን፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጂቡቲ እስኪዞር ድረስ ቀይ ባሕርን እንደ ቦርከና ወንዝ ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። ስለ ባሕሩ ስፋት ወይም ውበት ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። የሚነግሩን ሳሙና በባሕር ውሃ እንቢ እያለ አረፋ እንደማይሰጥ፣ ታጥቦ የደረቀ ሸሚዝ በስፌቱ በኩል ነጭ ጨው እንደሚያወጣ፣ ካቢና ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ጭነቱ ላይ ሸራ አንጥፈው ያድሩ እንደነበረ ነው። «የት ታጠባችሁ? ስንት ሰዓት ወጣችሁ?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ቆም ብለው ያስባሉ፣ ከዚያ አጠር አድርገው ይመልሳሉ። በዚህ ቤት የሚያጋንን ሰው አይጠፋምና፣ እኔም እውነተኛውን ከአጋናኙ የምለየው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ቤቱ ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ይመጣል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ተከታታይ ድራማ ሲጀመር ድምፁ የአባባን ቀጭን ድምፅ ይውጠዋል፣ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንስተው ይወጣሉ። ወጣቶቹ ረዳቶችም ከመናገር ይልቅ ስልክ ማሳየት ይቀናቸዋል። አንዱ የጂቡቲን ባሕር በቪዲዮ አሳይቶኝ ነበር፦ ሰማያዊ ውሃ፣ ከላይ ዘፈን፣ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ። ሽታው ምን ይመስላል ብዬ ስጠይቀው ጣቱ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አልፎ ነበር። ስለዚህ መሄድ የሚፈልግ ሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቢደርስ፣ ከስክሪኑ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ለሚያጫውተው ሾፌር የቡናውን ሒሳብ ቢከፍል ጥሩ ነው።

አንድ ጉዳት ደግሞ በራሴ ላይ ደርሷል። በቅርቡ በቢሮአችን ወደ ሰመራ ለሥራ ሊሄድ የተነሳ ባልደረባዬን «ከሚሌ በኋላ መስኮት አትክፈት፤ የሚገባው ነፋስ የምጣድ ወላፈን ነው» ብዬ አጥብቄ መከርኩት። «መቼ ሄደህ ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ፤ ሙቀቱን ግን ፊቴ ላይ የማውቀው ያህል ነበር የተናገርኩት። ማታ ይህንኑ ለእትዬ ስነግራቸው ጀበናውን እንደያዙ ሳቁና «እኔስ መች ከባቲ አለፍኩ፣ ልጄ?» አሉኝ፤ ከዚያም ዞር ብለው፣ ሎጊያ ላይ መኪናውን ከየትኛው ጥላ ሥር ማቆም እንዳለበት ለአንድ አዲስ ሾፌር የጀመሩለትን ምክር ቀጠሉ።