ዝም ያለ ስፒከር፦ ቤት ልፍታው ወይስ ፒያሳ ልውሰደው?

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባለው ቤታችን ስልክ የሚሰካበት ስፒከር ድንገት ዝም አለ። ወይ ራሴ እነካካዋለሁ፣ ወይ ፒያሳ ላለ የጥገና ባለሙያ እሰጠዋለሁ።

ቤት መሞከር ወጪ የለውም፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈተንሁ። ቀጥዬ አዳፕተሩን በመልቲሜትር ለካሁት፤ ጀርባው ላይ 12 ቮልት ተጽፎ መለኪያው ዜሮ ካሳየ፣ የሞተው አዳፕተሩ ነው። የሚተካው ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ ከተጻፈው ያላነሰ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩም ያልተገለበጠ መሆን አለበት። የመሰኪያውን አቧራ ግን ኤሌክትሪኩን ነቅሎ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማንም ይጠርገዋል።

የኃይል ክፍሉ ስፒከሩ ውስጥ ከሆነ እጄን እሰበስባለሁ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ተቀይሮ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ላይ 310 ቮልት ገደማ ሊከማች ይችላል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ያበጠ የሊቲየም ባትሪን በቢላ መፈልቀቅም እሳት መጥራት ነው። ባለሙያው ገንዘብም ቀናትም ይወስዳል (የ«ነገ ና» ነገር መቼም ይታወቃል)፤ ለዚህኛው ሥራ ግን ያለ ክርክር እሱን እመርጣለሁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስልኝ ብቻ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።