ለጤፍ ነጋዴዬ ምስጋና፣ ለእንጀራ ጋጋሪዎች ጥቆማ

እንጀራ የጎረበጠው ደንበኛ የሚወቅሰው ጋጋሪዋን ነው፤ ጤፉን ያመጣውን ነጋዴ ማን ያስታውሰዋል? ምስጋናም ሲመጣ እንዲሁ ነው። «እጅሽ ይባረክ» እየተባልኩ ስኖር ከዚያ ምርቃት ግማሹ የሚገባቸው አንድ ሰው እህል በረንዳ ተቀምጠው ጤፍ ይመዝናሉ። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ነው። ደኅና ጤፍ አቅራቢ ለምትፈልጉ ባለሙያዎችም ጥቆማ ይሁናችሁ።

ገርጂ አካባቢ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች እንጀራ ጋግሬ አከፋፍላለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ እህቶች አሉ፤ ሁላችንም የምንበላው ከምጣዱ ነው። የእኚህን አባት ስም እዚህ አልጽፍም፤ አስፈቅጃቸው «ሰው ላኪ፣ ደስ ብሎኝ አስተናግዳለሁ፤ ስሜ በየስልኩ ሲዞር ማየት ግን አልፈልግም» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለምን እሳቸውን እንደምመርጥ ለማስረዳት ስለ ጤፍ ትንሽ ማውራት ግድ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው፤ የአንዲት ስንዴ ክብደት የሚሞላው 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ሲሰበሰብ ነው ይባላል። ደቃቅ አሸዋ ከገባበት ወንፊት ብቻውን አይለየውም። አሸዋው የሚመጣው ደግሞ ከአውድማ ነው። መሬት ላይ በበሬ የተወቃ ጤፍ፣ አውድማው በእበት በደንብ ቢለቀለቅ እንኳ፣ አፈር ይዞ ይነሣል፤ ሸራ ተነጥፎ የተወቃው ንጹሕ ነው። ከረጢት ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ሁለቱን በዐይን መለየት ከባድ ነው። የሚለየው ጥርስ ነው፤ ጥርሱ የምግብ ቤት ተመጋቢ ከሆነ ደግሞ ያ ምግብ ቤት በማግስቱ ሌላ ጋጋሪ ይፈልጋል።

ጋሼ የሚሸጡት እህል ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተወቃ ያውቃሉ። «ማኛ ነው፣ አንደኛ ነው» ብለው አያልፉም። «ይህኛው የአድአ ነው፣ ሸራ ላይ የተወቃ ነው፤ ያኛው የምንጃር ነው፣ ፍሬው ጥሩ ነው፣ ግን ሳይበጠር እንዳታስፈጪው» ይላሉ። ሸራ አንጥፎ ለሚወቃ ገበሬ ጥቂት ጨምረው እንደሚከፍሉ ከሚያመጡላቸው ሰብሳቢዎች ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኝ አያውቁም። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ የታጨደው ነዶ ሜዳ ላይ ረጠበ። የዚያን ጊዜ አንድ ጭነት አሳይተውኝ «ዘሩ ማኛ ነበር፤ አሁን ግን ቀለሙን ዝናብ ወስዶታል። በሰርገኛ ዋጋ ከፈለግሽ ውሰጂ፤ በማኛ ዋጋ አልሸጥልሽም» አሉኝ። ከንጹሑ ጋር ቀላቅለው ቢሸጡልኝ ኖሮ የማውቀው ሊጡ ከቦካ በኋላ ነበር።

ከእሳቸው በፊት የምገዛው ከሌላ ሰው ነበር፤ ማንነቱ ይቅር። የከረጢቱ አፍ ላይ ያለው ጤፍ ሁልጊዜ ያምር ነበር። ወደ ታች ሲዘለቅ ሌላ ጤፍ ይገኛል፤ ከዚያም ክርክር፣ ከዚያም «እኔም እንዲሁ ነው የተቀበልኩት» የሚል መልስ። ጋሼ ዘንድ ከረጢቱ ከመሐልም ከታችም ተወግቶ መዳፍ ላይ ይፈስልኛል፤ እፍ እላለሁ፣ ጥቂት አኝካለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የምንነጋገረው። ይህን እንዳደርግ መጀመሪያ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የራሱን እህል እንድትፈትሹ የሚያስተምር ነጋዴ አግኝታችሁ ከሆነ አትልቀቁት።

ሌላው የማደንቅላቸው ነገር የማያስፈልገኝን ሊሸጡልኝ አለመሞከራቸው ነው። ሥራውን ስጀምር ለሁሉም ደንበኛ ማኛ ካልሆነ የምዋረድ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ለማን ለማን እንደማቀርብ አንድ በአንድ ጠየቁኝና «ለዚህ ሆቴል ማኛ፣ ለእነዚህ ሱቆች ጥሩ ሰርገኛ፤ ቀይ ደግሞ ለጤናችን ብለው ለሚጠይቁሽ ለብቻ ጋግሪ» ብለው ደለደሉልኝ። ማኛ ቢሸጡልኝ የበለጠ ባተረፉ ነበር። አዲስ ጤፍ ሲገባም «ይህ ገና የዘንድሮ ነው፣ ውሃውን ቀነስ አድርገሽ አቡኪው» ብለው ያስጠነቅቁኛል፤ ለምድጃ ቤቱ ሰዎች ወዲያው እነግራለሁ፣ ሊጡም አይቀጥንብንም።

ሰው የሚለየው ግን ሲቸግር ነው። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ ጤፍ ጠፍቶ ዋጋው ሲያሻቅብ ምን ይመስል እንደነበር በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዳንዱ ሻጭ ስልኩን ዘጋ፤ አንዳንዱ መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ «የለም» አለ። ጋሼ ራሳቸው ደወሉ። «ወደ ከተማ የሚገባው እህል ቀንሷል። ያለኝን ለቋሚ ደንበኞቼ አካፍላለሁ፤ አንቺ የለመድሽውን ግማሽ ታገኛለሽ። ዋጋውም ይጨምራል። ለምግብ ቤቶችሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው» አሉኝ። ዜናው መጥፎ ነበር፤ በጊዜ ስለደረሰኝ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስንት እንጀራ ማድረስ እንደምችል አስቀድሜ ተናገርኩ። ተቀይሞ የቀረብኝ የለም። ያሉኝን ግማሽም ሳይጎድል ላኩልኝ። በኪሳራ አልሸጡልኝም፤ እንዲሸጡልኝም አልጠብቅም፣ እሳቸውም ልጆች ያሳድጋሉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተወሰነ በኋላም እንዲሁ ሆነ። በዚያ ሰሞን ከዘይት እስከ ፌስታል ዋጋ ጠይቆ መልስ ማግኘት ከባድ ነበር፤ ሻጩ ራሱ ነገ ስንት እንደሚሆን አያውቅም። ጋሼ ቀብድ የተቀበሉበትን ጭነት በተስማማንበት ዋጋ ላኩ፤ ለሚቀጥለው ግን «አዲስ ዋጋ ነው፣ ካልተስማማሽ ሌላ ቦታ ጠይቂ፣ አልቀየምም» አሉ። ጠየቅሁ። ተመልሼ ከእሳቸው ገዛሁ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የማታምኑኝን ልንገራችሁ። ከሁሉም ምክራቸው የጠቀመኝ «ከእኔ ብቻ አትግዢ» ያሉኝ ነው። እህል በረንዳ ላይ እንዲህ የሚል ነጋዴ አለ ብሎ ማን ያስባል? «እኔም እታመማለሁ፣ መንገድም ይዘጋል፤ ያን ቀን ምጣድሽ እንዳይቀዘቅዝ ሌላ ሰው ይኑርሽ» ብለው ራሳቸው ከሌላ ነጋዴ ጋር አገናኙኝ። እስከ ዛሬ የምፈልገውን አብዛኛውን ከእሳቸው፣ ጥቂቱን ከዚያኛው እወስዳለሁ። የጎጃም መንገድ በጸጥታ ችግር ሲስተጓጎል የዚህን ምክር ዋጋ አይቻለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ለአንድ አቅራቢ ታማኝ መሆን ማለት ሌላ በር አለማንኳኳት ይመስላቸዋል፤ እኔ አልስማማም። ለአቅራቢው የሚጠቅመው ያዘዝኩትን መውሰዴና ያልኩትን ቀን አለማሳለፌ ነው።

«አንቺስ ምን አድርገሽላቸው ነው?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ያደረግሁት ከባድ ነገር አይደለም። ዐርብ እከፍላለሁ ካልኩ ዐርብ ነው፤ በቴሌብርም በባንክም ይሁን ገንዘቡ ሳይደወልልኝ ይገባል። ገንዘብ ሳይሞላልኝ ሲቀር ከቀጠሮው ቀን በፊት እናገራለሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ምግብ ቤቶቹ የሚያዙኝ በየዓይነቱ ስለሚበዛ ይጨምራል፤ ጾሙም 55 ቀን ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገኝን ገና ጥር ላይ ግምቱን እነግራቸዋለሁ። ለእሳቸውም ይህ ይመቻል፤ ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ተወቅቶ ገበያው የሚረግበው በዚያ ወቅት ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወደዳል። አቅሜ የፈቀደውን ያህል በጥር ዋጋ ገዝቼ መጋዘናቸው ያስቀምጡልኛል። በመጨረሻዋ ብር አልጨቃጨቅም። ባዶ ከረጢቶቹን አጥፌ እመልሳለሁ፤ ከረጢት ዛሬ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚወዱት ግን እንጀራው እንዴት እንደወጣ መስማት ነው። «ያለፈው ዐይኑ አላማረም» ስላቸው አይከፉም፤ ከየትኛው ጭነት እንደሆነ ጠይቀው ለሰብሳቢው ያደርሱለታል።

ምስጋናዬ ላይ ጨው ልጨምር፤ እንከን የሌለው ሰው ያደረግሁባቸው እንዳይመስላችሁ። ዋጋቸው ከበረንዳው ሁሉ ርካሽ አይደለም። ገበያ በደራ ሰዓት ስልክ አያነሡም፤ ደጋግሞ የደወለ ሰው ደግሞ ይቆጣሉ። የራሳቸው መኪና የላቸውም፣ አይሱዙ ወይም አነስተኛ የጭነት መኪና የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ለአዲስ ሰው ዱቤ ብሎ ነገር የለም፤ እኔም ዱቤ ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ደረሰኝ ግን ሳይጠየቁ ይሰጣሉ። ግብር ከፋይ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

እግረ መንገዴን እዚያው ጤፍ ለሚያበጥሩልኝ እናቶችና እህቶች ምስጋናዬ ይድረስ። ቀኑን ሙሉ አቧራ ውስጥ ተቀምጠው ሰፌድ የሚያነሡ ናቸው፤ ሂሳባቸውን በሰው በኩል አትላኩ፣ በእጃቸው ስጡ። የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ባለቤትንም አመሰግናለሁ፤ በርበሬ በወጣበት ወፍጮ ጤፌን አስገብተው አያውቁም፣ ዱቄቱም ሳይበርድ እንዲቋጠር አይፈቅዱም።

ጋሼን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እልካለሁ። ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ጭነት ስለሚራገፍ ለማነጋገር ጊዜ የላቸውም። ለማን እንደምትጋግሩና በሳምንት ምን ያህል ጤፍ እንደሚበቃችሁ አስባችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ አትግዙ፤ አንድ ኩንታል ወስዳችሁ፣ አስፈጭታችሁ፣ ጋግራችሁ እዩት። እሳቸውም ለአዲስ ሰው ከዚያ በላይ መሸጥ አይወዱም።