«ብዙ አልሄደም» ተብሎ የሚሸጥ ካምፐርቫን፦ የሰርቪስ መዝገቡን ሳታዩ አትፈርሙ

በብሪታንያ ያገለገለ ካምፐርቫን (በውስጡ መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ በሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይና በሻጮች አንደበት ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር ገዢን ለከባድ ወጪ ስለሚዳርግ ነው። አነጋገሩም «መኪናው ብዙ ስላልሄደ ሰርቪስ አላስፈለገውም» የሚል ነው። በዚህ አነጋገር የሚሸጥ መኪና ባለቤቱ ለዓመታት ያላወጣውን የጥገና ወጪ ወደ ገዢው ያዛውራል፤ ገዢው ደግሞ የማይሉ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብቻ በላዩ ተጨማሪ ዋጋ ይከፍላል።

የቅርብ ወዳጆቼ የሆኑ ባልና ሚስት የገጠማቸው ይኸው ነው። ከአንድ ነጋዴ የ2015 (እ.ኤ.አ.) ምርት የሆነ፣ በናፍጣ የሚሠራና ከ20 ሺህ ማይል በታች የሄደ ካምፐርቫን ከተጨማሪ የዋስትና ውል ጋር ገዙ። በሰርቪስ ደብተሩ ላይ የነበሩት ማኅተሞች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁም ሻጩ «ሰርቪሱ በማይል ነው፤ ገና አልደረሰም» ብሎ መለሰላቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እንቅስቃሴ የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ በአውራ ጎዳና ላይ ተበጠሰ፤ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የዋስትና ድርጅቱም ቺንጋው የአገልግሎት ዓመቱን ያለፈ መሆኑንና መኪናው በየዓመቱ ሰርቪስ እንዳልተደረገ ጠቅሶ አልከፍልም አለ።

የአምራቾች የሰርቪስ ሠንጠረዥ ዘወትር ሁለት መለኪያ አለው፤ አንዱ ማይል፣ ሌላው ጊዜ ሲሆን፣ ግዴታውም ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ነው። ሻጩ የተናገረው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። በበጋ ለጥቂት ሳምንታት ወጥቶ ክረምቱን ሙሉ በቤት ደጃፍ ለሚቆም መኪና ቀድሞ የሚደርሰው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ጊዜው ነው። ስለዚህ ካምፐርቫንን በምን ያህል ጊዜ ሰርቪስ ላስደርግ ለሚል ሰው የእኔ ምላሽ፣ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በዓመት አንድ ጊዜ የሚል ነው። አንዳንድ አምራቾች እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እንደሚፈቅዱ አውቃለሁ፤ ሆኖም ያ ሠንጠረዥ የወጣው ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያመላልስ ለሚውልና ሞተሩ በደንብ ለሚሞቅ የጭነት ቫን ነው። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ የናፍጣ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ፣ የውሃ ጤዛና ያልተቃጠለ ነዳጅ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ይህ የተበከለ ዘይት አሲድ እየፈጠረ ወራት ሙሉ የሞተሩን የውስጥ ብረቶች እንደነካ ይቆያል። የጭሱን ጥላሸት የሚይዘው ማጣሪያም ራሱን የሚያጸዳው ረጅምና ሞቅ ያለ ጉዞ ሲያገኝ ስለሆነ፣ መኪናው ለአጭር መንገድ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ይደፈናል። በአንጻሩ መኪናው ምንም ያህል ሳይሄድ በየስድስት ወሩ ሙሉ ሰርቪስ ይደረግ የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ እሱንም አትቀበሉ፤ ዓመታዊው ይበቃል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ መኪናው ቢሄድም ባይሄድም በሁለት ዓመት ይቀየራል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ሲኖርበት፣ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ ሦስት ቶን ተኩል የሚጠጋ መኪና በዌልስ ወይም በስኮትላንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ከፈላ፣ የፍሬኑ መርገጫ መሬት ድረስ ይወርዳል፤ ቤተሰብ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። የታይሚንግ ቺንጋው የጊዜ ገደብ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ በሞተሩ ዓይነት ከአምራቹ ጠይቁ፤ ሻጩ ተቀይሯል ካለ የጋራዡን ደረሰኝ ያሳያችሁ። አንዳንድ ሞተሮች ለምሳሌ የፎርድ ትራንዚት 2.0 ኢኮብሉ በዘይት ውስጥ የሚሽከረከር ቺንጋ ስላላቸው፣ ያረጀ ዘይት ቺንጋውንም አብሮ ይጎዳል።

ጎማ ብዙ ገዢ የሚታለልበት ነገር ነው፤ ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ አዲስ ይመስላል። በጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ምልክት መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2316 የሚል ከሆነ ጎማው የተመረተው በ2016 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ነው። በታላቋ ብሪታንያ ከየካቲት 1 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአስር ዓመት በላይ የሆነውን ጎማ በከባድ መኪናዎችና በአውቶቡሶች የፊት አክስል ላይ መጠቀም በሕግ ተከልክሏል። ሕጉ ካምፐርቫንን ባይጨምርም፣ ዓመቱን አብዛኛውን በአንድ ቦታ ተጭኖ የሚቆም ጎማ ከዚያም ቀድሞ መቀየር አለበት።

የመኖሪያ ክፍሉ ደግሞ ከሞተሩ የተለየ ምርመራ አለው፤ እሱም በየዓመቱ ነው። ጋዙ እንዳያፈስ፣ ማሞቂያው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳያስገባ፣ በግድግዳው ውስጥ እርጥበት እንዳይኖር ይታያል። የጋዝ ቱቦና የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ቢበዛ በአስር ዓመት መቀየር ስላለባቸው በላያቸው የታተመውን ቀን ተመልከቱ። የአምራቾች የውሃ ስርገት ዋስትናም ይህ ምርመራ በየዓመቱ ካልተደረገ እንደሚቀር በብዙዎቹ ውሎች ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሻጩ «ኤም ኦ ቲ (በብሪታንያ በሕግ የሚጠየቀውን ዓመታዊ የመኪና ደህንነት ምርመራ) አልፏል» ቢላችሁ ያ የሰርቪስ ማስረጃ አይደለም። ምርመራው ፍሬንን፣ መብራትን፣ ጎማንና ጭስን ያያል፤ የቺንጋውን ዕድሜ፣ የዘይቱን ሁኔታና የጋዝ ምድጃውን አያይም። ያም ሆኖ የኤም ኦ ቲ ታሪኩን በሰሌዳ ቁጥሩ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ማየት ስለሚቻል፣ ማይሉ በየዓመቱ እንዴት እንደጨመረና መርማሪው ስለ ዝገት ወይም ስለተሰነጠቀ ጎማ ያስጠነቀቀው ነገር ካለ ሳታነቡ አትሂዱ።

የዋስትና ድርጅት አልከፍልም ማለቱ በነጋዴው ላይ ያላችሁን መብት አያስቀርም። በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት ከነጋዴ የተገዛ መኪና ጉድለት ካለበት በ30 ቀናት ውስጥ መልሶ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። ከዚያ በኋላ እስከ ስድስት ወር ድረስ የታየ ጉድለት በርክክቡ ጊዜ እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚለውን ማስረዳት የነጋዴው ፋንታ ሲሆን፣ የመጠገን አንድ ዕድል ግን ይሰጠዋል። ነጋዴው «ያገለገለ ዕቃ ያረጃል» ብሎ መከራከሩ ስለማይቀር፣ ሞተሩ ሳይፈታ በገለልተኛ መካኒክ የተጻፈ ሪፖርት ያዙ። ወዳጆቼም አሁን በዚሁ መንገድ እየተከራከሩ ነው። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30 ሺህ ፓውንድ ካልበለጠ፣ ቀብዱን ብቻ እንኳ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ካርዱን የሰጠውን ባንክ መጠየቅ ይችላል።

ከግለሰብ ስትገዙ ይህ ጥበቃ በእጅጉ ይጠባል፤ የሚቀርላችሁ ዋናው መከራከሪያ መኪናው ሻጩ እንደገለጸው አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ሰርቪሱ መቼ እንደተደረገ፣ ቺንጋው በየት ጋራዥና በስንት ማይል ላይ እንደተቀየረ ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ማስታወቂያውንም ከመነሳቱ በፊት ቅጂውን አስቀሩ።