የሲሊኮን ካርቦን ባትሪ ያለው ስልክ፦ ከኮዬ ፈጬ የተጻፈ ግምገማ

መብራት አዘውትሮ በሚጠፋበት በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የስልክ ዋነኛ መመዘኛ ከካሜራው ይልቅ ባትሪው ነው። ሰሞኑን የምጠቀምበት የቻይና ስልክ 6000 ሚሊአምፒር ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ) የሚይዝ የሲሊኮን ካርቦን ባትሪ እንዳለው ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

የተለመደው የሊቲየም አዮን ባትሪ አኖዱ፣ ማለትም ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየም የሚከማችበት ክፍል፣ ግራፋይት ከተባለ የካርቦን ዓይነት ይሠራል። አንድ ግራም ግራፋይት ቢበዛ 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲይዝ፣ ያው መጠን ያለው ሲሊኮን ግን ከ3500 በላይ መያዝ ይችላል። ሆኖም ሲሊኮን ሊቲየም ሲቀበል መጠኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ያብጣል፤ ቻርጅ በሞላና ባለቀ ቁጥር እያበጠና መልሶ እየተኮማተረ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ላይም አዲስ ሽፋን ስለሚፈጠር ሊቲየሙ በከንቱ ይባክናል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ሲሊኮኑን ከ150 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በታች እስኪሆን ማድቀቅና ቀዳዳ በበዛበት ካርቦን ውስጥ ማሳደር ነው፤ እንዲህ ያለው ደቃቅ ቅንጣት በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ እብጠቱም ክፍት ቦታ ያገኛል። ስልኮች ውስጥ የሚገባው ከግራፋይት ጋር የተደባለቀ ጥቂት ሲሊኮን ስለሆነ ግን አሥር እጥፍ የሚጠብቅ ገዢ ያዝናል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኦነር ማጂክ 5 ፕሮ የተባለ ስልክ ለቻይና ገበያ በዚህ ባትሪ 5450፣ ለውጭ ገበያ ደግሞ በተለመደው 5100 ሚሊአምፒር ሰዓት ይዞ ነበር የቀረበው፤ ልዩነቱ ሰባት በመቶ ገደማ ነው።

በአገልግሎት ረገድ ረክቻለሁ። በእኛ ሰፈር ኔትወርኩ ስለሚደክም ስልክ ሁሉ ማማውን ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ይህኛው ግን ቀኑን በቴሌግራምና በቪዲዮ ውሎ፣ ሌሊቱን መብራት ባይኖር እንኳ ጠዋት ሥራ ቦታ ያደርሰኛል። ቀጭንነቱም ያስደንቃል።

ቅር ያሰኘኝ ሻጩ «ናኖ ስለሆነ አያረጅም» ማለቱ ነው። በአንድ ቻርጅ ብዙ ሰዓት መቆየትና ለብዙ ዓመት ማገልገል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እንዲያውም ለእርጅና ይበልጥ የሚጋለጠው ሲሊኮኑ ነው። በተጨማሪም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የጠየቅኋቸው ጠጋኞች ተመሳሳይ ባትሪ እንደሌላቸውና ሲበላሽ በተለመደው እንደሚተኩት ነግረውኛል፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ብር የተከፈለበት ጥቅም ይቀራል። ስለዚህ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ስልክ ለሚቀይር ሰው እመክረዋለሁ፤ አንዱን ስልክ ለዓመታት ይዞ ለመቆየት ያሰበ ግን መለዋወጫው የሚገኝበትን ሱቅ አስቀድሞ ያረጋግጥ።