«2012 ነው» ሲሏችሁ በማን አቆጣጠር ብላችሁ ጠይቁ

13,700 ብር። ቁጥሩን ያስቀደምኩት ሌሊቱን ሙሉ ስደምረው ስላደርኩ ነው። ሴፍቲ ቤልት 6,500። ገመድ 30 ሜትር፣ ሜትሩ በ180፣ 5,400። ሁለት መንጠቆ 1,800። ሐሙስ መርካቶ ሄጄ ለአባዬ ዛፍ መውጫ ብዬ ገዛሁ። ዓርብ ልመልስ ሄድኩ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ዕቃው ከበሩ ስር ተከምሮ ያየኛል።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። የሱቁን ስም አልጽፍም፣ ተራውንም አልናገርም። ግን ታውቁታላችሁ። ከደጁ ሄልሜት፣ ጓንትና ቦት ጫማ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ ሁለት ሦስት ጎረምሶች ቆመዋል፣ እሱ ደግሞ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ድምፁን ከፍ አያደርግም። «የኔ እናት» ይላል። ዋጋ ስትጠይቁት መጀመሪያ ያዝናል። ከዚያ ካልኩሌተሩን ያነሳና ለራሱ ይደምራል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይደምራል። ስትወጡ ጎድታችሁት የወጣችሁ ይመስላችኋል።

አባዬ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ጫካ ዳር ነው የሚኖረው። ማር ቆራጭ ነው። የጓሮ ቀፎ እንዳይመስላችሁ። ቀፎው የሚሰቀለው ቀረሮ ላይ ነው፤ ከስሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ኮፍያችሁ የሚወድቅበት ዛፍ። ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር የሚደርሰው ግንቦት አካባቢ ነው። የሚቆረጠውም በጨለማ ነው፣ ንቡን በጭስ እያባረሩ። እስቲ አስቡት፤ ሌሊት፣ ዝናብ ያረጠበው ግንድ፣ በአንድ እጅ ጭስ፣ ጆሮ ስር ንብ። መውጫው ጠፍርና ሐረግ ነው። አያቴም በዚያው ነበር የሚወጣው።

አምና የጎረቤታችን ልጅ ሐረጉ ከድቶት ወደቀ። ተርፏል፣ ግን እስካሁን የሚሄደው በከዘራ ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ ከገባ ጀምሮ ስልኬ በጠራ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። «ዘንድሮ አትውጣ» ብለው ሳቀብኝ። ስለዚህ ቢያንስ ታስሮ ይውጣ አልኩ።

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ አዲስ አበባ የሕንጻ መስታወት ያጥባል። ውሎው ገመድ ላይ ነው። ምን እንደምገዛ አንድ በአንድ ነገረኝ። ብዙ የማይለጠጥ የናይለን ገመድ፣ 11 ሚሊ። ጥንካሬው የተቀረጸበት መንጠቆ። ቤልቱ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ እዪ፣ የተሠራበት ዓመት አለ፣ ከ10 ዓመት ካለፈ አትንኪው። ለአባዬም እሱ ራሱ ሄዶ ሊያሳየው ነበር፤ ቀጭን ሲባጎ በድንጋይ አስሮ ቅርንጫፍ አሻግሮ መወርወር፣ በሱ ዋናውን ገመድ መሳብ፣ ቅርንጫፍ ሲታለፍ አንዱን ሳያስሩ ሌላውን አለመፍታት። ጨርሶ ሲያበቃ ደግሞ «እታለም፣ ቅዳሜ እረፍት ነኝ፣ አብረን እንሄዳለን» አለኝ።

አልጠበቅኩትም። ረቡዕ ዕቁብ ደረሰኝ። ብሩ እጄ ላይ አላድር አለ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቼ መርካቶ።

ገና ስገባ አንዱ ጎረምሳ «ሲስተር፣ ለልብስ ማስጫ ነው? ያኛው ይሻልሻል» አለኝ። «ለዛፍ መውጫ ነው። አባቴ ማር ቆራጭ ነው» አልኩ። ይህን ያዙልኝ። ሰው የሚንጠለጠልበት እንደሆነ ገና ከበሩ ተናግሬያለሁ። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ለአባትሽ ከሆነማ ትርፍ የለም» አለ። ሻይም አዘዘልኝ።

አሁን ወደዚያች ደቂቃ ልምጣ። ከሐሙስ ጀምሮ ስንቴ እንደደገምኳት አላውቅም።

ቤልቱን ከላስቲክ አወጣው። ብርቱካንማና ጥቁር፣ ንጹህ። አሁን ሳስበው ከመጠን በላይ ንጹህ ነበር፤ የኦሞ ሽታ ነበረው። እኔ የአዲስ ዕቃ ሽታ መስሎኛል። ማሰሪያው ላይ የተሰፋች ትንሽ ነጭ ጨርቅ አለች። «የተሠራበትን ዓመት አሳየኝ» አልኩት፣ እንደ አዋቂ። አልደነገጠም። አውራ ጣቱን ከጨርቋ ስር አስገብቶ ወደ አምፖሉ አዞረልኝ። ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ጽሁፍ ነው፤ ግማሹ ደብዝዟል። መሃሉ ላይ አራት ቁጥር።

«ስንት ይላል?» አለኝ።

«2012» አልኩ።

«2012!» አለ ጎረምሶቹም እንዲሰሙ። «በኮሮና የገባ ነው። ሥራ ቆሞ አልነበር? ከካርቶኑ ሳይወጣ ከረመ። ሰው ቀርቶ አቧራ አልነካውም።»

እኔም ቆጠርኩ። 2012፣ 2013፣ 2014… ስድስት ዓመት። ስድስት ከአስር ያንሳል። ኮሮናም እውነት ነው፤ መጋቢት 2012 መጨረሻ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ቤት ተቀምጠናል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ሰውየው ዓይኔን እያየ ነበር። ከንፈሬ ሲቆጥር አይቶታል። ስጨርስ ዝም ብሎ ሻዩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ጎበዝ፣ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጽፍ የውጭ ፋብሪካ የት ነው ያለው? 2012 የፈረንጅ ነው። በእኛ 2004 መሆኑ ነው። ያ ቤልት 14 ዓመቱ ነው! እሱ ሲሰፋ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ።

የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የምውለው የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ ስቀይር ነው። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብትጠይቁኝ እቀይርላችኋለሁ። አለቃዬ ሲሳሳት የማርመው እኔ ነኝ። በራሴ ብር፣ በአባቴ ወገብ ላይ ሲሆን ግን ጭንቅላቴ ሥራ አቆመ። ለምን? «የኔ እናት» ስላለኝ? ሻይ ስለጋበዘኝ? ወይስ እነዚያ ጎረምሶች ፊት ዕቃ የማውቅ መስዬ ስለተኮፈስኩ? የመጨረሻው ይመስለኛል።

የቀረው በፍጥነት አለቀ። ገመዱን ከጠረጴዛው ላይ ካለው ናሙና አሳየኝ፤ ጠንካራ፣ ነጭ፣ ጫፉ በደንብ የታሸገ። «ይሄ መታያ ነው፣ 30 ሜትሩ ከመጋዘን ይምጣልሽ» አለ። ጎረምሳው በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ አመጣው። ፈትቼ አላየሁም። ደረሰኝ ስል «15 በመቶ ይጨመርብሻል፣ ለምን?» አለኝ። ለምን አልኩ እኔም። ብሩን በግል ስም ወዳለ አካውንት ላኩ፣ ስክሪንሾቱን አሳየሁ፣ መርቆኝ ወጣሁ። አዎ፣ መረቀኝ። «አባትሽን ያቆይልሽ» ብሎ።

ማታ ወንድሜ መጣ። እኔ ደስ ብሎኝ ቡና እያፈላሁ ነው። መጀመሪያ ያነሳው ቤልቱን ነበር። ጨርቋን አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አነበበ። ምንም አላለም። ከዚያ መንጠቆውን አነሳ። «900 ብር» የሚል ስቲከር አለው። በጥፍሩ ፈቀፈቀው። ከስሩ በጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደል «ለመወጣጫ አይሆንም» የሚል ተቀርጾበታል። የቁልፍ መያዣ ነው። ዋጋውን ልክ ጽሁፉ ላይ ነው የለጠፉት። ደህናው መንጠቆ ጎኑ ላይ ስንት እንደሚችል በኪሎኒውተን ተጽፎበታል፤ የወንድሜ 22 ይላል፣ ወደ 2,200 ኪሎ መሆኑ ነው።

ገመዱን ግን ቆርጦ አየው። የወንድሜ የሥራ ገመድ ውስጥ ስሙ፣ የተሠራበት ዓመትና ኢኤን 1891 የሚል የአውሮፓ የገመድ ደረጃ ቁጥር የታተመባት ቀጭን ሪባን አለች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። በእኔ ገመድ ውስጥ ሪባን የለም። ከላይ ያማረ ነጭ ልባስ፣ ከውስጥ የተበጣጠሰ የሚያብለጨልጭ ክር። ወንድሜ በጣቱ ጎተተና «እታለም፣ ይሄ እኮ ማዳበሪያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእህል ጆንያ የሚሠራበት ያ ክር። ባልዲ ውሃ አስመጣኝ። ከራሱ ገመድ አንድ ስንዝር፣ ከእኔም አንድ ስንዝር ቆርጦ ሁለቱንም ውሃ ውስጥ ጨምቆ ለቀቃቸው። የእሱ ሰመጠ፤ ናይለን ይሰምጣል። የእኔ እንደ ቡሽ ብቅ አለ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደፈቅኩት። ብቅ ይላል። የተሸወድኩበት ዕቃ ባልዲ ውስጥ እየተንሳፈፈ ሲያሾፍብኝ ቡናው ገነፈለ።

ዓርብ ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው ከሁለት ሰዎች ጋር ሻይ እየጠጣ ነበር። አልተነሳም። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። መነጽሩን እንኳ አላደረገም።

«2012 ብለኸኝ ነበር» አልኩ።

«ታዲያ አይልም?»

«የፈረንጅ ነው!»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት? ፋብሪካው ጻፈው፣ አንቺ አነበብሽው። እኔማ ስንት ይላል ብዬ ጠየቅኩሽ።»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። የኮሮናውን ወሬ ሳነሳበት «ኮሮና የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» አለ፣ ረጋ ብሎ። ያ ጎረምሳ ደግሞ ከኋላ «ሲስተር፣ ሌሊቱን ዛፍ ላይ አደርሽ እንዴ?» አለ። ሳቅ ሆነ። «የኔ እናት» ሐሙስ ላይ ቀርታለች፤ አሁን «ሴትዮ፣ ገበያዬን አታበላሺ» ሆኛለሁ። ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንደሚመለስ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ ስለው ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን በአገጩ አሳየኝ። «ደረሰኝ ካለሽ አምጪ» አለ። የሌለኝ መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጨረሻ ላይ አዘነልኝ። «በቃ አትናደጂ፣ ሁሉንም በ3,000 ልግዛሽ» አለኝ። የራሱን ዕቃ! በ3,000 ወስዶ ነገ ለሌላዋ ሞኝ በ13,700 ሊያሳያት። ሰብስቤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ነው ያለቀስኩት፣ እዚያ አላለቀስኩም። ይህችን ብቻ ከቁም ነገር ቁጠሩልኝ።

ቤልቱን ዛሬ ጠዋት ወንድሜ በመቀስ ቆራረጠው፤ ማንም እንዳያደርገው። ማሰሪያውን በጣቱ ሲያሸው ክሩ እየተላላጠ ዱቄት ይመስል ነበር።

ለአባት፣ ለወንድም፣ ለሠራተኛ የምትገዙ ካላችሁ፦ ዓመቱን በፈረንጅ ቁጠሩ፣ ገመዱን ዓይናችሁ እያየ ከጥቅልሉ ይቆረጥ፣ ስቲከሩን ፍቃችሁ እዩ። ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ፣ 15 በመቶውም ይጨመር። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ደግሞ ቅዳሜ እስኪደርስ ጠብቁት።

አባዬ ከአንድ ሰዓት በፊት ደወለ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል መሰለኝ፣ ከጀርባው ጫጫታ አለ። «ልጄ፣ አውቶቡስ ላይ ጫንሽው? ሰዎቹ ሊያዩት ይፈልጋሉ» አለኝ። ኔትወርኩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። አሁን እንደገና እየደወለ ነው።