ማህተሞቹን አንድ በአንድ ለቆጠሩልኝ የቪዛ አማካሪ

ይህን የምጽፈው ከባለቤቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሲሞላኝ ነው። ለዚህ ያበቁኝን የቪዛ አማካሪ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ አያርፍም፤ እንደ እኔ ወረቀት ታቅፎ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚንከራተት ሰው ካለም በጊዜ ቢያውቃቸው እመኛለሁ።

ባለቤቴ በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ሼንገን ከሚባሉት፣ በአንዱ ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ እየተመላለስኩ የምጠይቀው በአጭር ጊዜ የጎብኚ ቪዛ ነበር። ጠቅልዬ እንድሄድ ስንወስን ጉዳዩን ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ድርጅት ሰጠሁ። ፓስፖርቴንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቴን ተቀብለው ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዙት፤ በደወልኩ ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ከማለት በቀር ምን እየተሠራ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የሰጡኝ ምክር ቪዛዬ ደጋግሞ መግባት ስለሚፈቅድ በእርሱ እንድገባ፣ የሚፈቀደው 90 ቀን ሲሞላኝ ለአንድ ሳምንት ወጥቼ ብመለስ ቆጠራው እንደ አዲስ እንደሚጀምር፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም እዚያው ሆኜ እንደምጨርሰው ነበር። ለዚህ ሙሉ ክፍያ ተቀበሉኝ። ከእነርሱ በፊት ያነጋገርኩት ሌላ ሰው ደግሞ የባንክ ሂሳብ መግለጫ «አስተካክሎ» እንደሚያዘጋጅልኝ ሲነግረኝ ደንግጬ ወጥቻለሁ። የሰው ዕድሜና ትዳር በእጃቸው ይዘው እንዲህ የሚቀልዱ ሰዎች እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው አላውቅም።

የ60 ቀን ቆይታ ያለው የደርሶ መልስ ትኬት ገዝቼ፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ፣ ለመብረር ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ከመሄድሽ በፊት እሳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ አማክሪያቸው» አለችኝ። የሄድኩትም እሷን ላለማስቀየም ያህል ነበር።

አማካሪዋ መጀመሪያ የጠየቁኝ ገንዘብም ፎርምም አልነበረም። ፓስፖርቴን፣ ጊዜው ያለፈበትን አሮጌውን ጭምር፣ ከጠረጴዛው መብራት ሥር ዘርግተው ገጾቹን በዝግታ ይገልጡ ጀመር። ማዕዘኑ ሹል የሆነው ማህተም የመግቢያ፣ ማዕዘኑ የተጠጋጋው ደግሞ የመውጫ መሆኑን በጣታቸው እያሳዩ፣ በቀን መቁጠሪያው ላይ በሼንገን አገሮች ውስጥ ባሳለፍኩት በእያንዳንዱ ቀን በእርሳስ ነጥብ አደረጉ። የገባሁበት ቀንም የወጣሁበት ቀንም ይቆጠራል አሉኝ። ነጥቦቹ 58 ሆኑ።

ከዚያ ሌላ ማንም ያላስረዳኝን ነገር አስረዱኝ። 90 ቀን የሚፈቀደው በማንኛውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ ነው፤ በእያንዳንዱ የቆይታ ቀን ወደ ኋላ 180 ቀን ይቆጠራል እንጂ፣ ለአንድ ሳምንት ወጥቶ በመመለስ አይታደስም። 58ቱም ቀናት በዚያ የ180 ቀን ቆጠራ ውስጥ ስለሚወድቁ የቀረኝ 32 ቀን ብቻ ነበር፤ በያዝኩት ትኬት ብሄድ ኖሮ 28 ቀን ያለ ፈቃድ ተቀምጬ ልገኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጥፋት በቀጣይ የቪዛ ማመልከቻ ላይ ጥላ ከማጥላት አልፎ እስከ መግቢያ እገዳ ሊያደርስ እንደሚችል ሲነግሩኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ አንድም ቃል ሳይጨምሩ፣ እስክረጋጋ ጠበቁኝ። ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት «ዛሬ ቀን ቆጠርኩልሽ እንጂ ሥራ አልሠራሁልሽም» ብለው መለሱኝ። ይህችን ቃል በሕይወቴ አልረሳትም።

ለእኔ የሚያስፈልገኝ ለረጅም ጊዜ ቆይታ የሚሰጠው፣ «ዲ» የሚባለው ብሔራዊ ቪዛ ነበር። ይህን የሚሰጠው ባለቤቴ የሚኖርበት አገር በራሱ ሕግ ስለሆነ መስፈርቱ ከአገር አገር ይለያያል፤ በእኔም ጉዳይ ማመልከት የነበረብኝ ገና ሳልነሳ በቆንስላው በኩል ነበር። ትኬቱን ሰረዝኩ፤ ከፊሉ ገንዘብ ቀረ። የሥራ መልቀቂያውን ግን አላስገባሁም ነበርና በሥራዬ ቆየሁ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቴን ገና ሲያዩት የአያቴ ስም ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል እንደሚለይ አስተዋሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱን ይዘው የከረሙት ሰዎች ይህን አላዩም። ከመተርጎሙ በፊት እንዲታረም አደረጉ፤ የትኛው ማረጋገጫ ከየትኛው እንደሚቀድም ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም፤ ሁሉንም በቅደም ተከተል ጽፈው ሰጡኝ፣ እኔም እንደተጻፈው ፈጸምኩ። የባለቤቴን የሥራ ውልና የቤት ኪራይ ውል እሱ ራሱ እንዲልክ ነገሩኝ፤ ለዚህ አማካሪ መክፈል አያስፈልግም ብለው። «ቪዛው ይሰጥሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ የሚወስነው ቆንስላው ነው» ያሉኝም እሳቸው ብቻ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ያነጋገርኳቸው ሁሉ ቃል የገቡልኝ ነበሩ።

የቀጠሮዬ ዋዜማ ምሽት ላይ ራሳቸው ደውለው በማመልከቻው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉኝ። በማግስቱ የቆንስላዋ ሠራተኛ ሰነዶቹን ስትገልጥ ከተደረደሩበት ቦታ አንዱንም ማንቀሳቀስ አላስፈለጋትም። ከሁለት ወር በላይ ከጠበቅን በኋላ መልሱ መጣ።

እባካችሁ ትኬት ከመግዛታችሁ፣ ከሥራ ከመልቀቃችሁ፣ ፓስፖርታችሁን ለማታውቁት ሰው ከመስጠታችሁ በፊት እኚህን ሴት አማክሯቸው። ደግሜ እላለሁ፣ አማክሯቸው። ስማቸውንና አድራሻቸውን እዚህ ያልጻፍኩት ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ ስለማይሆን ነው፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝና እሳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ። ስትሄዱ አሮጌውን ፓስፖርታችሁን ቤት ትታችሁ አትሂዱ፤ ከሁሉ በፊት የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።