ሁለተኛ መኪናችንን ላስመረጡን መካኒክ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለች ትንሽ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ደላላ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። ቄራ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። እኛ ቤት "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ያደረጉልንን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

የባለቤቴ ሥራ ክፍለ ሀገር ያመላልሰዋል። ያለችን ፒክአፕ ይዟት ነው የሚሄደው። እኔ ከሰሚት ኮንዶሚኒየም ተነስቼ፣ ሁለት ልጆች መገናኛ ትምህርት ቤት አድርሼ፣ አራት ኪሎ ቢሮ መግባት አለብኝ። በዝናብ ልጅ ይዞ ታክሲ መጋፋት ምን እንደሚመስል እናቶች ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሁለተኛ መኪና የግድ ሆነች። ዋጋዋ የማይጎዳ፣ ቤንዚን የምትቆጥብ፣ ደግሞም ስትነዳ ደስ የምትል። የመጨረሻዋን ስናገር ሰው ሁሉ "ለልጅ ማመላለሻ ምን ደስታ ያስፈልጋል?" ይለኛል። እኔ ግን መንዳት እወዳለሁ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። "ልክ ነሽ ልጄ፣ በየቀኑ የምትቀመጪባት አንቺ ነሽ" አሉኝ። ያኔውኑ ወደድኳቸው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ብር እንዳለኝ አይደለም። የት ታድራለች? በየት መንገድ ትሄዳለች? ስንት ሰው ይሳፈርባታል? ዳገት አለ? ዓመት በዓል ሲመጣ የት ነው የምትሄዱት? ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ነው ስለ መኪና ያወራነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያሉኝን በተለይ ላንሳው። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጀራቸውን የበሉት ከቤንዚንና ከናፍጣ ሞተር ነው። እንዲያም ሆኖ "ግቢ ቢኖራችሁ ያለ ማመንታት ኤሌክትሪክ ግዙ እላችሁ ነበር" አሉ። መብራት ከቤንዚን ይረክሳል፣ የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ዳገት ላይም አትለግምም። "ግን አራተኛ ፎቅ ሆናችሁ ገመዱን ከየት ታወርዱታላችሁ?" እውነታቸውን ነው። እኛ ብሎክ የመኪና ማቆሚያው ጋ ሶኬት የለም፣ ማታ ማታም ቀድሞ የገባ ነው ቦታ የሚያገኘው። ግቢ ያላችሁ ግን ምክራቸውን ያዙልኝ።

ቀጥሎ የሞተሩ ነገር መጣ። እኔ ያሰብኩት ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ቶዮታ ቪትዝ ነበር፣ በቃ ትንሽ ሞተር ትንሽ ቤንዚን። ጋሼ ወረቀት አውጥተው አስረዱኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ሲያንሰው ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ያላት 1.0 ሞተር እዚህ 55 ገደማ ሆና ነው የምትሠራው። 87 የተባለችው 1.3 ደግሞ እዚህ ስትመጣ 1.0ዋ በባሕር ጠረፍ ያላትን ያህል ይኖራታል። ብቻውን ሜዳ ለሚነዳ 1.0 ምንም አትልም። አምስት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ግን ነዳጁን እስከ ወለል ረግጠሽ ነው የምትነጂያት፣ ያኔ ይቆጥባል ያልሽው ቤንዚን ይሄዳል። "1.3 በማርሽ ፈልጊ" አሉኝ። ማርሽ የሆነው ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከተበላሸ ጥገናው ኪስ ያራቁታል። ሁለተኛ መንዳት እወዳለሁ ስላልኳቸው።

ገበያው እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሹን ቀረ። ስለዚህ አሁን ከእጅ እጅ የሚዞሩት እዚሁ ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶች፣ ኮሮላዎች ናቸው። አንዷ ትጋጫለች፣ ትጠገናለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ እንደገና ትሸጣለች። ጋሼ ደጋግመው የሚሉት "አሁን ሞዴል አይደለም የምትመርጪው፣ ያቺኑ አንዷን መኪና ነው" የሚለውን ነው። የሳቸው ሙያም እዚህ ላይ ነው የታየኝ።

የመጀመሪያዋ ነጭ ቪትዝ ነበረች። ደላላው "ሐኪም የነዳት፣ ሞተሯ ያልተነካ፣ ምንም የማይወጣላት" አለን። ዓይን ትገባለች። ጋሼ ከኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡና በላሜራው ላይ እየለጠፉ ዞሯት። የኋላው ግራ ጎን ላይ ሲደርሱ ማግኔቷ አልይዝ አለች። ከቀለሙ ስር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ከዚያ የኋላ ሻንጣውን ከፍተው ምንጣፉን ገለጡ፣ ስኮርት ጎማውን አወጡ። ወለሉ ላይ ፋብሪካ ያልሠራው ብየዳ ዳር እስከ ዳር ታየን። ደላላው ወደ ጎን ወስዶ ሊያናግራቸው ሲሞክር "የምትለው ካለ እዚሁ እሷ ፊት በለው" አሉት። ሰውየው ዝም አለ።

ሌላዋ ከጃፓን መሪዋ በቀኝ ሆኖ መጥታ ወደ ግራ የተዞረች ነበረች። እንዲህ ዓይነት መኪና ከተማችን ውስጥ ብዙ ነው፣ ሁሉም መጥፎ ነው አላሉም። ዋናው አዟዟሩ ነው። ዳሽቦርዱ ስር በጀርባቸው ተንጋለው በባትሪ መብራት አዩና እኔንም እንዳይ ጠሩኝ። የፍሬን ፔዳሉን የሚይዘው ብረት በቀጭን ቁራጭ የተበየደ ነበር። "ይሄ ፍሬን ነው፣ ልጆች የሚቀመጡባት መኪና ነች" ብለው ተነሱ። አንድ ነገርም ጨመሩልኝ። የፊት መብራቷ ካልተቀየረ ብርሃኑን ወደ ግራ ስለምትወረውር፣ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ታጠፋለች።

አንዲት ሱዙኪ ዲዛየርም አይተናል። ለኛ ዳገት የማታንስ፣ በቁጠባ የተመሰገነች መኪና ነች። ይቺኛዋ ግን ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነው ቢባልም የፍሪሲዮን ፔዳሏ ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ሊወጣ ደርሶ ነበር፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝም ልሟል። ጋሼ ሞተሯን እንኳ አላስነሱም። ሜትር ታክሲ ስትሠራ የኖረች መሆኗን ባለቤቱ ኋላ ላይ አመነ።

ያገኘናት ብርማ ያሪስ ነች። ሁለተኛው ትውልድ፣ 1.3፣ አምስት ማርሽ፣ መሪዋ ከፋብሪካው በግራ የሆነ፣ ኮድ 2። ባለቤቷ ራሷ ናት የምትሸጣት። ጋሼ ከቀጠሮው ቀደም ብለው በጠዋት ወሰዱኝና፣ ከሰላምታ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን በእጃቸው መንካት ነበር። ቀዝቃዛ ነው። "ጥሩ፣ አሙቀው አልጠበቁንም።" የሞቀ ሞተር ብዙ በሽታ ይደብቃል። ቀዝቃዛው ሲነሳ ነው የሚንኳኳው የሚሰማው፣ ሰማያዊ ጭሱ የሚታየው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለች ነው፣ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው።

የዘይት ክዳኑን ከፍተው ውስጡን በጣታቸው ጠረጉ። ነጭ አረፋ መሳይ ነገር ቢኖር ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው። አልነበረም። ራዲያተሩን አዩ፣ ውሃው ላይ ዘይት የለም። መስታወቶቿን አንድ በአንድ ዞረው ምልክታቸውን አነበቡ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ከመጀመሪያው ያሉት ናቸው። ጎማዎቿ ላይ ግን ቆሙ። ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አሳዩኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 2315 ካለ በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ አርጅቷል። ይህን ዛሬውኑ ወጥታችሁ መኪናችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ።

ከዚያ ፍሪሲዮኑን ሞከሩት። እጅ ፍሬን ይዘው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። "ጤነኛ ነው" አሉ። ሳይጠፋ እየጮኸ ቢቆይ ኖሮ አልቋል ማለት ነበር። መንገድ ላይ ስንወጣ መሪውን ለኔ ሰጡኝና እሳቸው ኋላ ተቀመጡ፣ ድምፅ የሚሰማው ከዚያ ነው ብለው። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳን አልፈን ወደ እንጦጦ ሽቅብ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ኩርባ፣ እንደገና ሁለተኛ። መሪዋ ቀላል ነው፣ ሰውነቷም አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ ኩርባ ላይ አትከብድም። ማርሿ ጥርት ብሎ ይገባል። ፍጥነት መለኪያዋ ከመሪው ኋላ ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ነው፣ ለዚያም ለመድኩት። የምፈልጋት እሷ እንደሆነች ያኔ አወቅሁ። ጋሼ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ ቀኝ ጎማ ነው የሰጡት። "የፊት ቀኝ ሾክ ያፈሳል፣ ኩሽኔታው ግን ደህና ነው።" ወርደን ስናይ ሾኩ በዘይት ርሷል።

ሲመለሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉድለቷን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። ሾክ፣ አራት ጎማ፣ የኋላ በር ላይ ያለ ጭረት፣ የሚቀየር ካንዴላ። አጠገቡ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ የሚጠራውን ዋጋ አሰፈሩ። ሻጯ ወረቀቱን አይታ አልተከፋችም። "እኔም አላውቀውም ነበር" ብላ ዋጋውን ቀነሰችልን። ክርክር የለ፣ ቃላት መወራወር የለ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ አመሳከሩ፣ የባንክ እዳና እገዳ የሌለባት መሆኑን ሳናጣራ ቀብድ እንዳንከፍልም ባለቤቴን በስልክ አስጠነቀቁት።

ስለ ክፍያቸው ደግሞ። ጋሼ የሚያስከፍሉት ለምርመራ ነው። መኪናዋን ገዛችሁም ተዋችሁም ክፍያው ያው ነው። ከሻጭ አይቀበሉም፣ ከደላላ አይቀበሉም። ያችን ነጭ ቪትዝ "ተዪያት" ሲሉኝ ምንም የሚያጡት ነገር አልነበረም፣ "ግዢያት" ቢሉኝም ምንም የሚያገኙት አልነበረም። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። ባለቤቴ ደስ ብሎት ጨመር አድርጎ ሊሰጣቸው ሲል እጁን መለሱት፤ "ለልጆቹ ደብተር ግዛበት" አሉት።

አሁን ያሪሷ ከኛ ጋር ነች። ፋብሪካው በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ገደማ ይላታል። መገናኛ ጭንቅንቅ ውስጥ ከዚያ በላይ ትወስዳለች፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ቤተሰብ ጥየቃ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ግን፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ የነዳጁ መርፌ ብዙም አይወርድም። የኋላ ወንበሯ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንሸራተት፣ የልጆቹ እግር ሲበቃ ለቦርሳና ለአስቤዛ ቦታ ይተርፋል። ባለቤቴ ራሱ ከተማ ሲኖር ፒክአፑን ትቶ የሷን ቁልፍ ነው የሚያነሳው።

ጋሼ ጋ የምትሄዱ ሰዎች ልብ በሉ። ሻጩ ሞተሩን እንዳያሞቅ በጠዋት ቀጠሮ ያዙ። ሊብሬው ቢያንስ በፎቶ ይኑራችሁ። ቅዳሜ ወረፋ አለ፣ መሐል ሳምንት ይሻላል። ቸኩላችሁ "ቶሎ ይበሉ" አትበሏቸው፣ አይቸኩሉም። ደግሞ ስለ መንገዳችሁና ስለ ቤተሰባችሁ ሲጠይቋችሁ በዝርዝር መልሱላቸው፣ ምርጫቸው ከዚያ ነው የሚነሳው። ከቄራ ውጭ መኪናዋ ያለችበት ድረስ ይመጣሉ፣ የታክሲያቸውን ግን ሸፍኑላቸው።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ልጆቼን በየቀኑ አሳፍሬ ስወጣ ፍሬኑን ስረግጥ አልሰጋም፤ የእርስዎ ሥራ ነው። እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሾኩን ቀይረነዋል፣ ለዘይት ቅያሪ በሚቀጥለው ሳምንት እንመጣለን።